ኮምፒውተሩ ሳያማክረን የሚወስናቸው ነገሮች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ዳታ ትንተናና ስለ ግራፍ አሣሣል ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ በሙያም በልምድም ቢለያዩም የአብዛኞቹ ችግር ሥሩ አንድ ነው። ፓይተን ወይም አር በተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች ትእዛዝ ስንጽፍ፣ እኛ ሳንገልጸው ያለፍነውን ሁሉ ፕሮግራሙ አስቀድሞ በተሰጠው ምርጫ፣ ባለሙያዎች ዲፎልት በሚሉት፣ ይሞላዋል፤ መሙላቱንም ብዙ ጊዜ አይነግረንም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካውን፣ ነምፓይ በተባለው የፓይተን መሣሪያ ሳሰላ አንድ ቁጥር፣ ፓንዳስ በተባለው ሌላ የፓይተን መሣሪያ ሳሰላ ሌላ ቁጥር ይመጣብኛል። አማካሪዬ በአር ያገኙት ውጤት ከፓንዳሱ ጋር ይገጥማል። ዳታው አንድ ሆኖ ሳለ የተሳሳተው የትኛው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። ነገሩን በእጅ በሚሰላ ትንሽ ዳታ ቢያዩት ወዲያው ይገለጥልዎታል። 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 7 እና 9 የሚሉ ስምንት ቁጥሮች አሉን እንበል። አማካያቸው 5 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከ5 የሚርቅበትን መጠን በራሱ አባዝተን ሁሉንም ስንደምር 32 ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ሦስቱም ፕሮግራሞች ይስማማሉ፤ የሚለያዩት 32ን ለስንት እናካፍለው በሚለው ላይ ነው። ነምፓይ ለ8 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን ሲወስድ ድፍን 2 ይሰጣል፤ ፓንዳስና አር ግን ለ7 ስለሚያካፍሉ ውጤቱ 2.138 ገደማ ይሆናል።

አንዱ የተቀነሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በእጃችን ያለው ናሙና ከሆነ የጠቅላላውን ሕዝብ እውነተኛ አማካይ አናውቀውም፤ በምትኩ የምንጠቀመው ከዚያው ናሙና ያወጣነውን አማካይ ነው። ይህ አማካይ ከራሳቸው ከናሙናው ቁጥሮች የተገኘ በመሆኑ ከእውነተኛው አማካይ ይልቅ ለእነርሱ ይቀርባል፣ ስለዚህም ርቀቶቹ ከሚገባው በታች አንሰው ይታያሉ፤ ለ7 ማካፈሉ ይህን ጉድለት ያካክሳል። ዳታዎ ሊጠኑ የታሰቡትን አንድም ሳይቀር የያዘ ከሆነ የነምፓይ ስሌት ይበቃዎታል፤ እንደ አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ናሙና ከሆነ ግን የአማካሪዎን ውጤት ይያዙ። በነምፓይም ቢሆን ዲዲኦኤፍ የሚባለውን ቅንብር 1 ቢያደርጉት 2.138ን ያገኛሉ። ረድፎቹ 10,000 ቢሆኑ ልዩነቱን ልብ እንኳ አይሉትም ነበር፤ በስምንት ቁጥሮች ላይ ግን ወደ 7 በመቶ ይጠጋል።

ባይጠይቁኝም ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለና ላንሣው። በአንድ ዓምድ ውስጥ 4፣ 6፣ ባዶ እና 8 ቢኖር አማካዩ ስንት ነው? ፓንዳስ ባዶውን ዘሎ 6 ይላል፣ ስለ ባዶውም ትንፍሽ አይልም። ነምፓይ «ናን»፣ ማለትም ቁጥር አይደለም፣ ብሎ ይመልሳል። አር ደግሞ «ኤንኤ»፣ ማለትም መረጃ የለም፣ ይልና ባዶውን እንዲዘል በግልጽ ካልታዘዘ በቀር ቁጥር አይሰጥም። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ግትርነቱ ይበሳጫሉ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ከአር ጋር ነኝ። ከ1,000 ተጠያቂዎች 400ዎቹ ዝም ባሉበት ጥያቄ ላይ አማካይ ወስዶ ማለፍ የ600ዎቹን መልስ የሁሉም አስመስሎ ማቅረብ ነውና፣ ይህን መወሰን ያለበት አጥኚው ራሱ ነው። በቡድን እየከፈሉ ሲያሰሉም እንዲሁ ነው፤ የቡድኑ ስም ባዶ የሆነባቸውን ረድፎች ፓንዳስ ካልተከለከለ በስተቀር ከውጤቱ ያወጣቸዋል፣ ድምሩም ከዋናው ፋይል ያንሳል።

ባዶ ያልሆነውም እንደ ባዶ የሚነበብበት ጊዜ አለ። ፓንዳስ የሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በኮማ የተለያየ ሠንጠረዥ፣ ሲከፍት «ኤን» እና «ኤ» የሚባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ተጣምረው ካገኛቸው መረጃው እንደሌለ ይቆጥረዋል። የናሚቢያ ዓለም አቀፍ ባለ ሁለት ፊደል የአገር ኮድ ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው! ስለዚህ የአገሮች ዝርዝር ያለበትን ፋይል ሲያነቡ አንዲት አገር ከካርታው ላይ ብትጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ፋይሉ በሚነበብበት ትእዛዝ ላይ ይህን ልማድ ማጥፋት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ወርኃዊ ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ኃላፊዬ «አማካዩ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑና ኮሪሌሽኑ በሠንጠረዥ ከተቀመጡ ግራፍ ማስጌጫ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳልሥለው ልቤ አያርፍም። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት፤ ለኃላፊዎ የሚያሳዩት ማስረጃም አለ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትንንሽ የዳታ ስብስቦችን አሳተመ። እያንዳንዱ ስብስብ 11 ጥንድ ቁጥሮች ብቻ አሉት። በአራቱም የኤክስ አማካይ 9፣ የዋይ አማካይ 7.5፣ የኤክስ ቫሪያንስ (የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስኩዌር) 11፣ የሁለቱን ግንኙነት ጥንካሬ የሚለካው ኮሪሌሽንም 0.816 ገደማ ነው። ለነጥቦቹ ይበልጥ የሚቀርበው ቀጥታ መስመር፣ የሪግሬሽን መስመር የሚባለው፣ እንኳ በአራቱም አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከ3 ይነሣና ኤክስ በ1 በጨመረ ቁጥር በ0.5 ከፍ ይላል። እንግዲህ የኃላፊዎ ሠንጠረዥ አራቱን ስብስቦች ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ሲሣሉ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ሁላችንም የምንጠብቀው ነው፤ ነጥቦቹ በመስመሩ ግራና ቀኝ ተበትነዋል። ሁለተኛው ወጥቶ የሚታጠፍ ቅስት ስለሆነ ቀጥታ መስመር ሊገባበት አይገባም ነበር። በሦስተኛው አሥር ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ተሰልፈው አንዱ ብቻ አፈንግጧል። ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አራተኛው ነው፤ አሥሩ ነጥቦች ኤክሳቸው 8 ሆኖ እንደ ምሰሶ ተደራርበው ቆመዋል፣ አሥራ አንደኛው ብቻውን 19 ላይ ተቀምጧል። ያን አንድ ነጥብ ቢያወጡት ኮሪሌሽኑ የሚሰላበት ነገር አይኖርም፣ የቀሩት ኤክሶች ሁሉ አንድ ቁጥር ናቸውና። 0.816 የሚለው ውጤት ሙሉ በሙሉ የቆመው በአንድ ምልከታ ላይ ነው፤ ያ ምልከታ ደግሞ ዳታውን ያስገባው ሰው የተሳሳተበት ቁጥር ሊሆን ይችላል። አራቱ ስብስቦች ከአር ጋር አብረው ስለሚመጡ «አንስኮምብ» በሚለው የላቲን ስማቸው ጠርተው በደቂቃዎች ውስጥ ኃላፊዎ ፊት ሊሥሏቸው ይችላሉ።

ይህን ስል ግራፍ አይዋሽም ማለቴ እንዳይመስልዎ። ቦክስ ፕሎት የቁጥሮችን ስርጭት በአንድ ሣጥን ጠቅልሎ ስለሚያሳይ ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ግማሾቹ ሰዎች 20 አካባቢ፣ ግማሾቹ 80 አካባቢ ያስመዘገቡበትን ፈተና ብንሥልበት፣ አንድም ሰው በሌለበት መሀል ሜዳ ላይ የተዘረጋ ትልቅ ሣጥን ይሰጠናል። በየክልሉ ስንት ቁጥር እንዳለ በዓምዶች የሚያሳየው ሂስቶግራም ሁለቱን ጉብታዎች ያሳይ ነበር። እርሱም ቢሆን የሚያሳየን በዓምዶቹ ብዛት ልክ ነው፤ የፓይተን ግራፍ መሣያ የሆነው ማትፕሎትሊብ ካልነገሩት ዳታውን በ10 ከፍሎ ይሥላል፣ የአር ግራፍ መሣያ የሆነው ጂጂፕሎት2 ደግሞ በ30 ይከፍልና «የተሻለ ስፋት ምረጥ» የሚል ማሳሰቢያ ይጽፋል። ማሳሰቢያውን ሰው ሁሉ ሳያነብ ያልፈዋል። እኔ አንዱን ዳታ በ10፣ በ30 እና በ60 ሥዬ ሳልመለከት ስለ ስርጭቱ አንድ ቃል አልጽፍም።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመታት ውጤት 48 እና 50 ነበር። በባር ቻርት ስሠራው ልዩነቱ አልታይ ስላለኝ የዋይ ዘንጉን ከ47 አስጀመርኩት። ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ «ይህ ማጭበርበር ነው» አለኝ። ቁጥሮቹ እኮ ትክክል ናቸው።

መልስ፦ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ባሮቹ ግን አይደሉም። ባር የሚነበበው በርዝመቱ ነው። ከ47 ሲጀምሩ የአንደኛው ባር ርዝመት 1፣ የሁለተኛው 3 ሆነ፤ ስለዚህ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋው ዕድገት ለተመልካቹ ዓይን ሦስት እጥፍ ሆኖ ታየ። በዚህ ጉዳይ ፕሮግራሙን መውቀስ አይቻልም፤ ማትፕሎትሊብም ሆነ ጂጂፕሎት2 ባርን ከዜሮ የማስጀመር ልማድ አላቸው፣ ትክክል የነበረውን ምርጫ የሻሩት እርስዎ ነዎት። ትንሽ ልዩነት ማሳየት ካስፈለገ ባሩን ትተው ነጥብ ወይም መስመር ይጠቀሙ። ነጥብ የሚነበበው በርዝመቱ ሳይሆን በተቀመጠበት ስፍራ ስለሆነ ዘንጉ ከ47 ቢጀምር ነውር የለበትም። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ሲያነጻጽሩ ማዕዘንን ወይም ስፋትን ከሚያነጻጽሩበት ይልቅ ትክክል እንደሚሆኑ አሳይተዋል። ፓይ ቻርት የምጠላበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል፣ እርሱ ግን ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ዘንግ ስለ መቁረጥ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በጂጂፕሎት2 «ዋይሊም» በሚለው ትእዛዝ ዘንግ ሲገድቡ፣ ከወሰኑ ውጭ ያሉት ረድፎች ከሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ከስሌቱም ይወጣሉ። 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 100 ያሉበትን ዳታ በቦክስ ፕሎት ሥለው ዘንጉን 50 ላይ ቢያቆሙት፣ 100 ተባርሮ መሀል ላይ ያለው ቁጥር፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ ከ30 ወደ 25 ይወርዳል። ማንም ዳታ አልቀየረም፤ ሥዕሉ ለማማር ተብሎ ብቻ ውጤቱ ተለወጠ። ስሌቱን ሳይነኩ ለማጉላት የሚያገለግለው «ኮኦርድ ካርቴዢያን» የሚባለው ትእዛዝ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የተሞላ መጠይቅ በፓይተን እየተነተንኩ ነው። አንዱ የሙያ ዓይነት በግራፉ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ይወጣል፤ ስሞቹም በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ሆነው ይታያሉ። ሁለቱንም እንዴት ላስተካክል?

መልስ፦ ሁለተኛው ይቀላል። ማትፕሎትሊብ በልማድ የሚጽፍበት ዴጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የእኛን ፊደል አልያዘም፤ ስለዚህ ሣጥን ይሥላል፣ ፊደሉ በፎንቱ እንደሌለም ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ኮምፒውተርዎ ላይ ጭነው የፎንት ቤተሰቡን በዚያ ይቀይሩ። በቅርብ ዓመታት ስሪቶች ከአንድ በላይ ፎንት በዝርዝር መስጠት ስለሚቻል፣ አንዱ የሌለውን ፊደል ከሌላው እንዲወስድ ማድረግ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ግን የኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች የዘወትር ራስ ምታት ነው። ጆሮ የማይለያቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር አለው። ለምሳሌ ያህል በመጠይቁ 31 ሰዎች «ጸሐፊ»፣ 27 ሰዎች «ፀሐፊ»፣ 9 ሰዎች «ጸሀፊ» ብለው ቢጽፉና 40 ሰዎች «ሹፌር» ቢሉ፣ ፕሮግራሙ ሹፌርን አንደኛ ያደርገዋል፤ 67 የሆኑት ጸሐፊዎች በሦስት አጫጭር ባሮች ተከፋፍለው ወደ ታች ይወርዳሉ። «ፀሐይ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአነጋገር ስለማይለዩ፣ በ12 ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች። ከቃሉ ኋላ ሳይታይ የቀረ ክፍት ቦታም እንደ አዲስ ስም ይቆጠራል።

መፍትሔው ከመቁጠር በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ የመተኪያ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ ትርፍ ክፍት ቦታዎችንም መቁረጥ ነው። ይህንን ግን በዋናው ዓምድ ላይ አያድርጉት፤ ቅጂ ዓምድ ከፍተው በዚያ ይቁጠሩ፣ ግራፉ ላይ የሚጻፈውን ስም ከዋናው ይውሰዱ። ፊደሎቹ ትርጉም የሚለዩበት ቦታ አለና፤ «ሠዐለ» ሥዕል የሠራው ነው፣ «ሰአለ» የለመነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ፕሮግራም ኋላ መለየት አይችልም።

ጥያቄ፦ ፓይተን ልማር ወይስ አር?

መልስ፦ ሲቸገሩ ሊጠይቁት የሚችሉት ሰው የሚጠቀምበትን ይማሩ። አር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን የተፈጠረ፣ ከጅምሩም ለስታቲስቲክስ የታሰበ ቋንቋ ነው፤ ፓይተን ግን ለሁሉም ዓይነት ሥራ የተዘጋጀ ሆኖ የዳታው ሥራ በነምፓይ፣ በፓንዳስና በማትፕሎትሊብ ኋላ የተጨመረለት ነው። ሥራዎ በጥናትና በስታቲስቲክስ ብቻ የሚያበቃ ከሆነ አር ያፋጥንዎታል፤ ውጤቱ ሌላ ሶፍትዌር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ፓይተን ይሻላል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። አንዱን ስድስት ወር ከሠሩበት ሌላውን መልመድ አይከብድም።

ጥያቄ፦ በጥናቴ 20 ተለዋዋጮች ከአንድ ውጤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት አንድ በአንድ ፈተሽኩ። በአንዱ ላይ ፒ ቫልዩው 0.03 ሆነልኝ። ጽሑፌን በእርሱ ላይ ብቻ ብመሠርተው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ ያ 0.03 ከ19 ወንድሞቹ ተለይቶ መቅረቡ ነው። ፒ ቫልዩ ምንም ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የበለጠ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ነው። 0.05ን ድንበር ስናደርግ፣ ምንም ግንኙነት በሌለበትም ቢሆን ከመቶ አምስት ጊዜ ድንበሩን እንደምናልፍ አስቀድመን ተቀብለናል። ለአንድ ፈተና ይህ ትንሽ ነው። እርስ በርሳቸው በማይነካኩ 20 ፈተናዎች ግን ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 0.95ን በራሱ 20 ጊዜ አባዝተው ከ1 ቢቀንሱት ያገኙታል።

ቀመሩን ማመን ካልፈለጉ ራስዎ ይሞክሩት፤ በፕሮግራም መሥራት ከሠንጠረዥ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። 100 ረድፎች ያሉት አንድ የውጤት ዓምድና 20 ሌሎች ዓምዶችን በዘፈቀደ ቁጥሮች ይሙሉ። ሁሉም የተቀዱት ከዘፈቀደ ስለሆነ በመካከላቸው እውነተኛ ግንኙነት የለም። የ20ውንም ፒ ቫልዩ አስልተው ከ0.05 በታች የሆነ መኖሩን ይመዝግቡ፤ ይህን 1,000 ጊዜ ይድገሙት። ወደ 640 በሚጠጉት ዙሮች ውስጥ «ግኝት» ያገኛሉ። ሌላ ሰው ሲደግመው ያው ቁጥር እንዲመጣለት መጀመሪያ ላይ የዘፈቀደውን መነሻ፣ ሲድ የሚሉትን፣ መወሰን አይርሱ።

በጣም ቀላሉ ማስተካከያ ቦንፌሮኒ የሚባለው ነው፤ 0.05ን ለ20 አካፍለን ድንበሩን 0.0025 እናደርገዋለን። የእርስዎ 0.03 ይህን አያልፍም። ጥብቅነቱ ከበዛብዎ ቤንጃሚኒና ሆችበርግ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ዘዴ አለ፤ በአርም በፓይተንም በአንድ መስመር ይታዘዛል። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ ቫልዩ መላ ምቱ እውነት የመሆን ዕድሉን እንደማይለካ አስገንዝቧልና፣ 0.03ን «97 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ብለው እንዳይተረጉሙትም አደራ እላለሁ።

ከላይ ላሉት ለአብዛኞቹ ጠያቂዎች ፕሮግራሙ ሳያማክራቸው ወስኖባቸው ነበር፤ እዚህ ግን 19ኙን ለመተው ሊወስኑ ያሰቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ አንባቢዎም የማያውቀው ውሳኔ ይሆናል። እኔ ብሆን 20ውንም በአንድ ሥዕል አወጣቸዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ የግንኙነቱን መጠን የሚያሳይ አንድ ነጥብ፣ በነጥቡ ግራና ቀኝ የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልሉን የሚያሳይ ቀጭን መስመር፣ መሀል ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረደ የዜሮ መስመር። ከትልቁ ወደ ትንሹ ቢደረደሩ የእርስዎ ተለዋዋጭ ከዜሮው መስመር ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ብሎ ከጎረቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ ይታያል፤ በአዲስ ዳታ ሊፈተን የሚገባው መሆን አለመሆኑንም ያኔ አብረን ልንመክር እንችላለን።